ረጅም ዓመት ተፈርዶበት ይግባኝ ስንጠይቅ፦ ጎንደር ላይ ያለችንን ብር የት እናውላት?

የአጎቴ ልጅ በሰው መግደል 14 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። በማግስቱ አጎቴ በሬውን ሸጦ ከገጠር መጣ። ብሩን በኪሱ ይዞ "ማንን እንያዝ?" ነው የሚለው። ያኔ የሚነግረን ሰው ብናገኝ ኖሮ ብዙ ብር አይባክንም ነበር፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ቁጠሩ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት የፍርዱን ግልባጭ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ መጠየቅ አለባችሁ። ግልባጩ እጃችሁ ከገባ በኋላ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን አላችሁ። ግልባጩን ለመጠየቅ ጠበቃ አያስፈልግም። እስረኛው ራሱም ይግባኙን በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ እስኪሟላ ብላችሁ ቀን አታሳልፉ።

አሁን ወደ ምርጫው።

ጠበቃን ከማመልከቻው እስከ ውሳኔው ድረስ መያዝ ውዱ መንገድ ነው። ማስረጃው ራሱ የተበላሸ ከሆነ፣ ማለትም "ልጁ አላደረገውም" የምትሉ ከሆነ፣ አቅሙ ካላችሁ ይህኛው ይሻላል። ግን ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያውም በየደረጃው ይከፈል። ክርክሩ ባሕር ዳር ከሆነ 180 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ፤ የመመላለሻው ወጪ በማን እንደሆነ ቀድማችሁ ቁረጡ። እዚሁ ጎንደር በሚቀመጠው ምድብ ችሎት (የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅርንጫፍ) ይታይ እንደሆነም የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር ጠይቁ።

ጠበቃው ማመልከቻውን ብቻ እንዲጽፍ መዋዋልም ይቻላል። ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ለምን? ይግባኝ ሰሚው ችሎት በመጀመሪያ የሚያየው ማመልከቻውንና መዝገቡን ነው። የሚያጠያይቅ ነገር ካገኘ "ያስቀርባል" ብሎ ዐቃቤ ሕጉን መልስ ይጠይቃል። ካላገኘ እዚያው ይዘጋዋል። እንግዲህ ብሩ መውጣት ያለበት ያቺ ወረቀት ላይ ነው።

ተከላካይ ጠበቃ ነፃ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መክፈል ለማይችልና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ያዛል። ችግሩ አንድ ሰው ብዙ መዝገብ መያዙ ነው። ቁጭ ብሎ እንዲያነብላችሁ ወረቀቱን አደራጅታችሁ፣ የምትሉትንም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሂዱ።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ይህን አትናቁት። እኛን ያተረፈን እዚያ ያገኘነው ሰው ነው።

ማመልከቻ ጸሐፊ ርካሽ ነው፤ ለረጅም ፍርድ ግን አልመክርም። እኛ መጀመሪያ የሄድነው ወደ አንዱ ነበር። ሦስት ገጽ ጻፈልን፤ ሦስቱም ገጽ "ቤተሰቡ ተበተነ፣ እናቱ ታመመች፣ ምሕረት ይደረግለት" ነው። እኛ እንባ በእንባ ሆነን "ጎበዝ ጸሐፊ" አልን። የሕግ ድጋፍ ላይ ያገኘነው ልጅ አነበበውና "ፍርዱ የቱ ጋ ተሳሳተ? እሱ የታለ?" ሲለን መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ፍርዱን መስመር በመስመር አነበብነው። የአጎቴ ልጅ በድርጊቱ ማታ ራሱ ሄዶ እጁን ሰጥቷል። በሽማግሌ ለሟች ቤተሰብ ካሳ ተከፍሏል። ሁለቱም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት የሚያቀሉ ናቸው፤ በፍርዱ ላይ ግን አልተያዙለትም። በቅጣት አወሳሰን መመሪያው ደግሞ እያንዳንዱ ማቅለያ ቅጣቱን በእርከን ያወርዳል። የከፈልነው ጠበቃ እነዚህን ብቻ ይዞ አዲስ ማመልከቻ ጻፈ። ያስቀርባል ተባለ፤ 14ቱ ወደ 11 ወረደ።

ሦስት ዓመት ትንሽ አይምሰላችሁ። አመክሮ የሚታሰበው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው ሲጠናቀቅ ነው። የ14 ዓመት ሁለት ሦስተኛ 9 ዓመት ከ4 ወር ነው፤ የ11 ደግሞ 7 ዓመት ከ4 ወር። ጠባዩ ጥሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ቀድሞ ቤቱ ይገባል ማለት ነው።

"ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ ትንሽ ነገር ካላችሁ ላናግርላችሁ" የሚል ሰው ይመጣባችኋል። ችሎት በር ላይ ወይም ሻይ ቤት ያገኛችኋል፤ አዝኖላችሁም ይመስላል። አንዲት ሳንቲም አትስጡት። ብሩ ይበላል፣ ቀኑ ያልፋል፣ ከዚያም አልፎ እናንተው በጉቦ ልትከሰሱ ትችላላችሁ።

ይግባኙ ካልተሳካ ሰበር ሰሚ ችሎት አለ። እዚያ ግን የሚያዩት መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን ብቻ ነው፤ ማስረጃውን እንደገና አይመዝኑላችሁም። ጉዳዩ አዲስ አበባ ፌዴራል ሰበር ከደረሰ በክልል ፈቃድ ብቻ የሚሠራ ጠበቃ አይቆምላችሁም፤ ስትዋዋሉ ፈቃዱን አይታችሁ ይሁን።

የስንቁን ብር ከይግባኙ ብር ለዩት። አክስቴ ከበሬው ሽያጭ ጥቂቱን "ይህ አይነካም" ብላ በመሐረብ ቋጠረች። ጠበቃው ተከፍሎ ካለቀ በኋላም እሁድ እሁድ እንጀራና ሽሮ ይዛ ስትመላለስ የኖረችው በዚያች ብር ነው።