ኢታኖል የሌለው ፕሪሚየም ቤንዚን፦ አንድ ዓመት ቀድቼ የታዘብኩት

መጀመሪያ ልናዘዝ። አንድ ዓመት ሙሉ ኢታኖል የሌለውን ቤንዚን ስቀዳ የኖርኩት አጥንቼ አልነበረም። ማደያው ላይ «ንጹህ» የሚል ቃል በትልቁ ተጽፎ ስላየሁ ብቻ ነው። መኪናዬ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ናት፣ ማርሿ በእጅ። እንደ ልጅ ነው የምሳሳላት። ለልጅ ደግሞ የተበረዘ ነገር ማን ይሰጣል?

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ብዙ ማደያ የሚሸጠው ፕሪሚየም፣ ማለትም ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ቤንዚን፣ እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ኢታኖል ከበቆሎ፣ ከሸንኮራ አገዳና ከመሳሰሉት የሚወጣ አልኮል ነው። አንዳንዱ ማደያ ደግሞ ምንም ያልተቀላቀለበትን ለብቻው፣ ወደድ አድርጎ ይሸጣል። ፈጣን መኪና የሚነዱ ሰዎች ተሰብስበው ይሄ ጉዳይ ከተነሳ በቃ፣ ጨዋታው በዚያው ይቀራል። እኔም ከ«ንጹሁ» ወገን ሆኜ ስንቱን ተከራክሬያለሁ።

ያነቃኝ የነዳጅ ክዳኑ ነው። አንድ ቀን ቆሜ ስቀዳ ዓይኔ ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈችው ወረቀት ላይ አረፈ። «98 ኦክቴን ይመረጣል፤ ከ95 በታች አይሞላ» ትላለች። ስንት ጊዜ ከፍቼ የዘጋሁት ክዳን ነው! ቀና ብዬ የምቀዳበትን ማሽን አየሁ። «ንጹህ» ከሚለው ሥር፣ በደቃቁ፣ 95 ይላል። አጠገቡ ያለው ኢታኖል ያለበት 98 ነው። ለካ ዓመት ሙሉ ተጨማሪ ብር እየከፈልኩ የማቀርብላት ሁለተኛ ምርጫዋን ኖሯል።

ኦክቴን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጉልበት አይደለም። ቤንዚኑ ምን ያህል ትዕግሥት እንዳለው ነው የሚናገረው። ትዕግሥት የሌለው ቤንዚን ካንዴላው ጨርሶ ሳያቀጣጥለው በሙቀትና በግፊት ብዛት ራሱ ይፈነዳል። ሞተር አንኳኳ የምንለው ይህንን ነው። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ችግሩ እሱ ላይ ይብሳል። ዘመናዊ መኪና ላይ ግን ኳኳታውን አትሰሙትም። ሴንሰሩ ቀድሟችሁ ይሰማና ኮምፒዩተሩ ካንዴላው የሚተኩስበትን ቅጽበት ያዘገያል። ሞተሩ ይተርፋል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መብራት አትበራም። እኔም ምንም ሳይገባኝ የነዳሁት ለዚህ ነው።

ገባኝ ካልኩ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የመኪናዋን ኮምፒዩተር የሚያነብ ስካነር ሰክቼ፣ ጭር ያለ ዳገት መርጬ፣ በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 2500 ዙር ሲዞር ጀምሬ ረገጥኳት። በ95ቱ «ንጹህ» ኮምፒዩተሩ የካንዴላውን ተኩስ በሞተሩ ዙር ሲለካ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ሲያዘገይ አየሁ። ከዚያ ታንኩ ሊያልቅ ሲል ኢታኖል ያለበትን 98 ፉል አደረግኩ። ያችው ዳገት፣ ያው ማርሽ፣ ሰዓቱም ተመሳሳይ። በሁለተኛው ፉል ላይ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ፤ አልፎ አልፎ 1 ብልጭ ይላል። ያለ ስካነሩም ቢሆን ወገቤ ነግሮኛል። ከ4000 ዙር በላይ ትንሽ ትተኛ የነበረችው መኪና መጎተቷን ቀጠለች።

ነገሩ ሲታይ አይገርምም። የኢታኖል የራሱ ኦክቴን ከ100 በላይ ነው፤ ስለዚህ ሲቀላቀል ቁጥሩን ወደ ላይ ይስበዋል። ሌላም ጥቅም አለው። እጃችሁ ላይ አልኮል ሲፈስ የሚሰማችሁን ቅዝቃዜ አስቡት። ኢታኖል ለመትነን ከቤንዚን ከሁለት እጥፍ በላይ ሙቀት ይወስዳል። እንደኔ መኪና ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ከሆነ ያች ቅዝቃዜ እዚያው ውስጥ ትሠራለች። «ኢታኖል የደካማ መኪና ነው» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። የፎርሙላ 1 መኪኖች በ2022 10 በመቶ ኢታኖል ባለበት ቤንዚን መወዳደር መጀመራቸውን ስነግረው ወሬ ቀየረ።

በኋላ ራቅ ያለ ማደያ ኢታኖል የሌለበት 98 አገኘሁ። ፍርዴን ያስተካከለልኝ እሱ ነው። ሁለቱንም 98 አምስት አምስት ጊዜ ፉል እያደረግኩ በማስታወሻ ደብተር መዘገብኩ። ኮምፒዩተሩ በሁለቱም አያዘገይም። ስነዳም ልዩነት አልተሰማኝም፤ ተሰማኝ ብል ዋሸሁ። ፍጆታው ላይ ግን ልዩነት አለ። ያልተቀላቀለው በ100 ኪሎሜትር 9.1 ሊትር፣ የተቀላቀለው 9.4። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ በሊትር ሲለካ ኢታኖል ከቤንዚን በሲሶ ያህል ያነሰ ኃይል ነው የሚይዘው፤ 10 በመቶ ሲገባ ወደ 3 በመቶ ያጎድላል። በ50 ሊትር ታንክ 17 ኪሎሜትር ገደማ ማለት ነው። የዋጋው ልዩነት ከ3 በመቶ በላይ ከሆነ ሒሳቡ ላልተቀላቀለው አይፈርድም። እኔ ከምቀዳበት ማደያ ልዩነቱ ከዚያ በጣም ይበልጣል።

«ንጹህ» ስለሚለው ቃል አንድ ነገር ልበል፤ ያናድደኛል። ቤንዚን ራሱ ከመቶዎች በላይ ዓይነት ውህዶች የተደባለቁበት ፈሳሽ ነው። ኢታኖል ሳይገባ 98 ለማድረስ ሌላ፣ ውድ የሆነ ነገር መቀላቀል ግድ ነው። ንጹህ የሚሉት የቱን ነው?

ደግሞም የተጻፈው ሁሉ አይታመንም። ጥርጣሬ ገባኝና ደጅ ላይ፣ እሳት በሌለበት፣ ሞከርኩት። ቁጥር ባለው ቀጭን የመስታወት መለኪያ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከላዩ 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን። ክድን፣ ውዝውዝ፣ ከዚያ ማስቀመጥ። ኢታኖል ካለ ቤንዚኑን ትቶ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ በሁለቱ መሃል ያለችው መስመርም ከፍ ትላለች። የተቀላቀለው ላይ መስመሯ ከ10 ተነስታ 19 ልትደርስ ምንም አልቀራት። ከአንድ ማደያ የቀዳሁት «ንጹህ» ደግሞ 14 ላይ ቆመ። ዜሮ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ማለት ነው! ስማቸውን አልጠራም፤ የድሮው ጭነት ታንካቸው ውስጥ ተርፎ ይሆናል። ሄጄ ስነግራቸው ግን የሰጡኝ ፈገግታ ብቻ ነው። እኔም ደንበኝነቴን አነሳሁ።

እስካሁን ለኢታኖል ጠበቃ የቆምኩ መስያለሁ። እስቲ ወደ ሞተር ሳይክሌ ልውሰዳችሁ። አሮጌ ናት፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅልላት ኮምፒዩተር ሳይሆን ካርቡራተር ነው። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ሞልቼ አምስት ወር አቆምኳት። ላስነሳት ብል ወይ ፍንክች። መካኒኬ አንጋፋ ሰው ናቸው፤ ካርቡራተሩን ፈተው ሳህኑን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ታቹ ላይ አረንጓዴ ያዘለ ነጭ ዝቃጭ ተጋግሯል። ቤንዚን የሚያልፍባት የፀጉር ያህል ቀዳዳ ተደፍናለች። የጎማው ቱቦም አብጧል። «ጋሼ፣ ኢታኖሉ ነው አይደል?» አልኳቸው። «ኢታኖሉም ነው፣ አንተም ነህ» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

እውነታቸውን ነው። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል። የተቀላቀለው ቤንዚን ብርድ በሌለበት በሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ውሃ ይሸከማል። ከዚያ ካለፈ ወይም ብርድ ከመጣ ውሃውና አልኮሉ ተያይዘው ታች ይዘቅጣሉ። ላይ የቀረው ቤንዚን ኦክቴኑ ይወርዳል፤ ታች የተኛው ደግሞ ብረት ያበላሻል። በየሳምንቱ በሚነዳ፣ ታንኩ በደንብ በሚገጥም አዲስ መኪና ላይ ይሄ አያሳስብም፤ ሳይቆይ ተቃጥሎ ያልቃል። አየር የሚያስገባ ታንክ ላላት አሮጌ ሞተር ግን ሞት ነው። ካርቡራተር ደግሞ እንደ ኮምፒዩተር አያስተካክልም። ለአንድ ኪሎ ተራ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ሲያስፈልግ 10 በመቶ ኢታኖል ላለበት 14.1 ይበቃል። የእኔ ቱርቦ ኦክስጅን ሴንሰሯ ይህን አይቶ 4 በመቶ ያህል ቤንዚን ጨምራ ታልፈዋለች፤ ስካነሩ ላይ አይቼዋለሁ። አሮጌዋ እንደተቃኘች ስለምትቀር ቤንዚን አንሶባት፣ ግላ ትሠራለች።

እንግዲህ እንዲህ ሆኗል። ቱርቦዋ በዘወትር ኢታኖል ያለበትን 98 ነው የምትጠጣው፤ የመመሪያ መጽሐፏም እስከ 10 በመቶ ይፈቅድላታል። ከሁለት ወር በላይ የማቆማት ከሆነ የመጨረሻውን ፉል ያልተቀላቀለ 98 አደርጋለሁ። ሁለቱ ታንክ ውስጥ ቢገናኙ ችግር የለውም። 95ቱን «ንጹህ» ለእሷ ዳግመኛ አልገዛም።

ለሞተር ሳይክሏ ግን በጀሪካን እየገዛሁ አስቀምጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሦስት ወር እረፍት በኋላ ረገጥኳት፤ በሁለተኛው ተነሳች። ጋሼ ሰምተው ከጋራዡ ብቅ አሉና «ቱቦውንስ ቀየርከው?» አሉኝ። አልቀየርኩም ነበር።