«አብሽር» ተብዬ የገዛሁት ፓምፕ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ሐርቡ ላይ ሽንኩርትና ማሾ የማለማበት ቁራሽ መሬት አለኝ። ጥቅምት ላይ ለጉድጓዴ ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ 1.5 ኪሎዋት ፓምፕ ገዛሁ። ውሃ ይገፋል፣ አይጮህም። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። የምጽፈው ስለ ሲሉ፣ ማለትም ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ስለሚከለክለው ማሸጊያ ነው።

የካቲት ላይ ገመዱን ልንቀይር ከወንድሜ ጋር ፓምፑን ስበን አወጣነው። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ዘይት ተንሳፍፎ ቀስተ ደመና ሠርቷል። ክው አልኩ። ፓምፑን ጆንያ ላይ አጋድሜ የዘይት ቋቱን ብሎን ፈታሁ። ጥርት ያለ ዘይት ስጠብቅ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተንዠቀዠቀ። በሻይ ብርጭቆ ቀድቼ አሳደርኩት። ጠዋት ብርጭቆው ሥር ሁለት ጣት ውሃ ተኝቷል።

ፓምፑ ሁለት ሲል አለው። አንዱ በውሃው በኩል፣ ሌላው በሞተሩ በኩል። መሀላቸው ዘይት አለ። ደለል የውጩን ሲል ሲበላው ውሃ መጀመሪያ የሚገባው ዘይቱ ውስጥ ነው። የውስጡ ሲል እስኪሸነፍ ድረስ ሞተሩ ደህና ነው። ኤሌክትሪሻኑ በሜገር (የሽቦ መከላከያ መለኪያ) ሲለካው የእኔም ሞተር አልተነካም። ተርፌያለሁ።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ከፓምፑ ኬብል ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ። ሻጩን ስጠይቀው «ትርፍ ናቸው፣ አብሽር፣ ቁረጣቸው» አለኝ። ቆርጬ በቴፕ ጠቀለልኳቸው። ለካ ውሃ ዘይቱ ውስጥ መግባቱን የሚጠቁሙት ሽቦዎች ነበሩ! ንጹሕ ዘይት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ውሃ ሲገባበት ያስተላልፋል። ከሽቦዎቹ ምልክት ተቀብሎ መብራት የሚያበራው ሪሌ ቢኖረኝ ቀይ መብራት ገና በጊዜ ይበራልኝ ነበር። አንተ ሻጭ፣ አታውቀውም ከሆነ አላውቅም በለኝ። «ሪሌው ለብቻው ይገዛል» ብትለኝ እከፍልህ ነበር። ሞተሩ ቢቃጠል ጥቅለላውን አንተ ልትከፍልልኝ ነው? ሽንኩርቱስ በዚያ ፀሐይ ስንት ቀን ይጠብቀኝ ነበር?

የአክስቴ ልጅ ኬሚካል በሚጭን መርከብ (ታንከር) ላይ መሐንዲስ ነው። ለእረፍት ደሴ ሲመጣ ብርጭቆውን በስልኬ አሳየሁት። «እኛም ዘንድ ዋናው ሥራ ይኼው ነው» አለኝ። የእነሱ ፓምፕ የሚቀመጠው ከጭነቱ ታንክ ወለል ላይ ነው። የሚያሽከረክረው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ከላይ በቧንቧ የሚወርድ የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። በዘይቱና በጭነቱ መካከል ኮፈርዳም የሚሉት ባዶ ክፍተት አለ። ከየትኛውም ወገን ያመለጠ ጠብታ እዚያ ይወድቃል። ከመርከቡ የላይኛው ወለል ላይ ሆነው አየር ወይም ናይትሮጅን ይነፉበታል፤ የተጠራቀመው ወደ ላይ ወጥቶ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል። ለክተው ይመዘግቡታል። የሃይድሮሊክ ዘይት ከሆነ በዘይቱ በኩል ያለው ሲል፣ ጭነት ከሆነ በጭነቱ በኩል ያለው ሲል ነው ማለት ነው።

«ሲል ትንሽ ማንጠባጠቡ አይቀርም» አለኝ። «ምን ፈሰሰ? ስንት? ካለፈው ጊዜ ጨመረ ወይ? እሱን ነው የምናየው።» ጭራሽ ምንም ካልወጣስ? ብዬ ጠየቅኩት። «አየሩ የሚያልፍ ከሆነ ጥሩ። አየሩም ካላለፈ ግን ክፍተቱ ተደፍኗል ማለት ነው፤ ያኔ ፓምፑ ምን ላይ እንዳለ ማየት አትችልም።» ይቺ አባባሉ አልወጣ አለችኝ። አራት ወር ሙሉ ደህና ነው ብዬ የተኛሁት ስላልሰማሁ ነበር፤ የሚናገረውን ሽቦ የቆረጥኩት ደግሞ በገዛ እጄ።

ሲሉን ቀየርኩ። የተቆረጡትን ሽቦዎች ቀጥዬ ሪሌ አስገባሁ፣ መብራቱን ጎጆው በር ላይ ሰቀልኩት። በመብራቱ ብቻ ግን አላመንኩም። በየወሩ ፓምፑን አውጥቼ ዘይቱን ብርጭቆ ውስጥ አሳድራለሁ። የዘቀጠውን ውሃ በሲሪንጅ ስቤ እለካለሁ፣ አዲስ ዘይት እሞላለሁ።

ፓምፑን ድጋሚ እገዛዋለሁ? አዎ፣ ዛሬም እገዛዋለሁ። ክፉኛ ተበድሎ እንኳ ሞተሩን አድኖልኛል። ያንን ሱቅ ግን ደግሜ አልረግጠውም።

የዘቀጠው ውሃ ሚያዝያ ላይ 2 ሚሊ ሊትር ነበር፣ ግንቦትም 2። ባለፈው ቅዳሜ 3 ሆኗል። መብራቱ አልበራም። ቢሆንም ለመስከረም አንድ መለዋወጫ ሲል ገዝቼ ቤት አስቀምጫለሁ።