ሱይካ፦ ነካ አድርጎ ማለፍ

ለሥራ ሦስት ከተማ ዞሬ መጣሁ። ሆንግ ኮንግ፣ ሲንጋፖር፣ በመጨረሻም ቶኪዮ። የሲስተም ባለሙያ ነኝ፤ ውሎዬ ከሰርቨርና ከኔትወርክ ጋር ነው። በየስብሰባው ብዙ አዲስ ነገር አሳይተውኛል። ልቤን የወሰደው ግን ኪሴ ውስጥ የነበረው አረንጓዴ የባቡር ካርድ ነው።

ሱይካ ይባላል። ያወጣው ጄአር ኢስት የተባለው የባቡር ኩባንያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2001። ቃሉ በጃፓንኛ ሐብሐብ ማለት ነው፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ትንሽ ፔንግዊን አለች። ጣቢያ ውስጥ ካለው ማሽን ይገዛል። 500 የን ማስያዣ ትከፍላላችሁ፣ ካርዱን ስትመልሱ ይመለስላችኋል።

አሁን ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ ቶኪዮ ያለው ሺንጁኩ ጣቢያ ሄዳችሁ ዳር ቁሙ። በዓለም ላይ እንደሱ ሰው የሚበዛበት ጣቢያ የለም። ሰዉ እንደ ጎርፍ ይመጣል፣ ትኬት መቆጣጠሪያው በር ላይ ግን ማንም አይቆምም። መጀመሪያ ቀን ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ቆሜ ሳይ ነው የነቃሁት። በሮቹ ክፍት ናቸው! ሰው ሲመጣ አይደለም የሚከፈቱት፣ ችግር ሲኖር ነው የሚዘጉት። ካርዱን ነካ ታደርጋላችሁ፣ ድምፅ ይሰማል፣ የቀራችሁ ሂሳብ ትንሿ ስክሪን ላይ ብልጭ ይላል፣ እግራችሁ ግን አልቆመም።

ይሄን ፍጥነት ያመጣው ምንድነው ብዬ ስቆፍር ነው በጣም የወደድኩት። ካርዱ ውስጥ ፌሊካ የሚባል የሶኒ ቺፕ አለ። ባትሪ የለውም፤ ኃይል የሚያገኘው በሩ ላይ ካለው የካርድ አንባቢ መሣሪያ ነው። ገንዘባችሁም ከየት ጣቢያ እንደተነሳችሁም እዚያው ቺፑ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ሲጀመር በሩ ሩቅ ያለ ሰርቨር ጠይቆ መልስ እስኪመጣለት መጠበቅ አልነበረበትም፤ ራሱ ያነብ፣ ይቀንስ፣ መልሶ ይጽፍ ነበር፣ ሪፖርቱን ወደ ማዕከል የሚልከው በኋላ ነበር። ሲሠሩት የያዙት ግብ 0.2 ሰከንድ ነበር። እኛ ዛሬ ለትንሹም ለትልቁም ነገር ኢንተርኔት ላይ ተንጠልጥለን ኔትወርክ ሲሄድ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። እነዚህ ሰዎች ከሃያ ዓመት በፊት ይሄን አስበውበታል።

ቺፑ ብቻውን ግን አልበቃም። በሙከራው ጊዜ ሰዎች ካርዱን የት ማስጠጋት እንዳለባቸው ግራ ይገባቸው ነበር። ያማናካ ሹንጂ የተባለ ዲዛይነር ተጠራና ቅርጽ እየቀያየረ፣ ሰዎችን እያሳለፈ አየ። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ አንባቢውን ወደ ሰውየው 13.5 ዲግሪ ማዘንበል ነው። በቃ፣ ያቺ ትንሽ ዘንበል ማለት። የሰው እጅ ሳያስብ ወደዚያ ይሄዳል። ይሄን ካወቅኩ በኋላ በበሩ ባለፍኩ ቁጥር አያታለሁ።

ከባቡር ውጭም ይሠራል። ውሃ ከማሽን፣ ምሳ ከኮንቢኒ (ሰፈር ውስጥ ካለች ትንሽ ሱቅ)፣ አውቶቡስ። ሻንጣ የሚቀመጥበትን ሎከር ሳይቀር በካርዱ ከፍላችሁ በዚያው ካርድ ትከፍቱታላችሁ። ከ2013 ወዲህ ደግሞ የሌሎቹ ትልልቅ ከተሞች ካርዶች እርስ በርስ ስለተገናኙ ከቶኪዮ ወጣ ብዬ ኦሳካ ስሄድ ሌላ መግዛት አላስፈለገኝም።

ሆንግ ኮንግ ኦክቶፐስ የሚባል ካርድ አላት። ቺፑ ያው ፌሊካ ነው፣ ሥራ የጀመረው ግን በ1997፣ ከሱይካ ቀድሞ። ስታር ፌሪ በሚባለው ጀልባ ባሕሩን ስሻገርም በሱ ነው የከፈልኩት። አንድ ደግነት አለው፤ ሂሳባችሁ ትንሽ ቢያንስ እንኳን ያሳልፋችኋል፣ ልዩነቱን ቀጥሎ ስትሞሉ ይወስዳል።

ሲንጋፖር ሌላ መንገድ ነው የያዘችው። የባንክ ካርዳችሁን ራሱን በሩ ላይ ነካ ማድረግ ነው፣ ምንም መግዛት የለም። ለእንግዳ እሰየው ነው። ነገር ግን ሂሳቡ የሚሠራው ማዕከል ላይ ስለሆነ በሩ ላይ ስንት እንደተቆረጠ አይታይም። ለካ የአገሬው ሰውም ይሄ ነገር ከንክኖታል። በጃንዋሪ 2024 ሂሳቡን ራሳቸው ላይ የሚይዙት የድሮዎቹ የጉዞ ካርዶች ሊቀሩ ነው ሲባል ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ የተቆረጠውንና የቀረውን እዚያው ማየት እንፈልጋለን አለ። በዚያው ወር ውሳኔው ተቀለበሰና የድሮውን ለማቆየት 40 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ተመደበ። ትክክል ናቸው እላለሁ። ገንዘቤ ስንት እንደቀረ ማወቅ መብቴ ነው።

ሱይካ ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ካርዱን ለመሙላት በአብዛኛው ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ በዚህ ዘመን ይሄ ያበሳጫል። ከ20,000 የን በላይ አይዝም። ከቶኪዮ ክልል በተራ ባቡር ገብቶ ናጎያ ክልል ላይ መውጣትም አይቻልም፣ ለረጅም መንገድ ትኬት ቁረጡ። ስልክ ላይ መጫን ለምትፈልጉ አይፎን ጥሩ ነው፤ ከጃፓን ውጭ የተገዛ አንድሮይድ ግን በአብዛኛው አይሠራም። አብራኝ የነበረችው የሥራ ባልደረባዬ አይፎኗ ላይ ነበር የጫነችው። አንድ ማታ ባትሪዋ ጭራሽ ሞተ። በሩ ጋ ስንደርስ እኔ ደንግጬ የጥበቃውን ሠራተኛ ስፈልግ እሷ የሞተውን ስልክ ነካ አድርጋ አለፈች። ለካ አዳዲሶቹ አይፎኖች ባትሪ ካለቀም በኋላ እስከ አምስት ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ለዚህ የሚሆን ትንሽ ኃይል ይይዛሉ።

ስመለስ ኤርፖርት ላይ ካርዱን መልሼ ማስያዣዬን መውሰድ እችል ነበር። አልመለስኩም። 1,340 የን አለበት። ካልተጠቀሙበት የሚሰረዘው ከ10 ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት እሄዳለሁ።