ጦሳ ተራራ በማታ፣ ከግንባር ባትሪዬ ጋር

ታኅሣሥ ላይ የደሴ ብርድ ሲበረታ ብዙ ሰው ገና ሲመሽ በሩን ይዘጋል። እኔ ጦሳን የምወደው ያኔ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ከተማው በሙሉ መብራት በመብራት ሆኖ ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል። 12 ሰዓት ካለፈ ግን ወዲያው ይጨልማል፤ ስለዚህ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ገዛሁ።

በጣም ወድጄዋለሁ። እጄ ነፃ ስለሆነ በአንዱ ከዘራ ይዤ ሌላውን ጋቢ ውስጥ አሞቀዋለሁ። ቀይ መብራትም አለው። መጀመሪያ ጌጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ነጩን ካያችሁ በኋላ ዓይን ጨለማውን እንደገና እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ቀዩ ግን ያን ያህል አያውከውም። ኮከብ ለማየት ቁጭ ስንል እሱን ብቻ ነው የምናበራው።

ቅር ያለኝ የባትሪው ድንጋይ ነው። አብሮት የመጣው ተራ ድንጋይ ብርድ ሲመታው ቶሎ ይደክማል። አንዴ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ደብዘዝ ብሎብኝ በጓደኛዬ ብርሃን ነው የወረድኩት። አሁን መለዋወጫውን የውስጥ ኪሴ ውስጥ፣ ገላዬ አጠገብ ነው የምይዘው። ኮምቦልቻ ያላችሁ እናንተ ጋ ሞቅ ስለሚል ብዙም ላይቸግራችሁ ይችላል፤ የደሴ ሰው ግን ብርድ የሚችለውን ሊቲየም ድንጋይ ይግዛ። ደግሞ ለብቻችሁ አትውጡ፣ ጅብ አለ።