ለአንዲት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ምስጋና፤ ለአዲስ የነርሲንግ ድህረ ምረቃ ተማሪዎችም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ተማሪዎች በሚገለገሉበት ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩ አንዲት ባለሙያን በአደባባይ ለማመስገን ነው። በነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ወደ ከተማችን የምትመጡ የሙያ ባልደረቦቼም በመጀመሪያው ሳምንታችሁ ሄዳችሁ እንድታገኟቸው ልጠቁማችሁ እወዳለሁ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለለመኑኝ ቃላቸውን አከብራለሁ፤ እዚህም ሁልጊዜ እንደምጠራቸው «እትዬ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ በአንድ ሆስፒታል የአዋቂዎች የውስጥ ደዌ ክፍል ሰባት ዓመት አገልግያለሁ። የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አልፌ ምደባዬን ሳገኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ነገር ግን ከምሠራበት ቦታ የሚሰጠኝ የስፖንሰርነት ደብዳቤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከባለል ሁለት ሳምንት ገደማ አለፈ። በዚህ ምክንያት ለአዲስ ተማሪዎች የተሰጠው ገለጻ አመለጠኝ። ክፍል ስገባ ጓደኞቼ የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ተቀብለው ነበር፤ እኔ ግን የቤት ሥራው የተሰጠበትን ቋንቋ እንኳ በቅጡ አልተረዳሁትም ነበር። ስለ አንድ የነርሲንግ ችግር ከአምስት ዓመት ወዲህ የወጡ ጥናቶችን ፈልገን፣ መዝነንና አደራጅተን እንድናቀርብ ነበር የታዘዝነው።

ለከተማው እንግዳ ለሆናችሁ አንድ ነገር ላስቀድም። ባጃጅ ይዛችሁ «ዩኒቨርሲቲ» ብትሉ ሾፌሩ «ፔዳ ነው ፖሊ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ይህ አጠራር የመጣው ዩኒቨርሲቲው ከሁለት ተቋማት ስለተወለደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩትና በ1972 የተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ተዋህደው በ2000 ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ስማቸው ግን በሰዉ አፍ ላይ እንደቀረ ነው። የእኛ የጤና ተማሪዎች ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ውጭ፣ በአዴት መንገድ ባለው በጥበበ ጊዮን ሆስፒታል በኩል ስለሆነ መድረሻችሁን በስሙ ጠርታችሁ ተናገሩ። ተግባራዊ ልምምድ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከደረሳችሁም ያ ሌላ አቅጣጫ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያውን ማለዳ ከተማውን ስዞር አሳልፌዋለሁ።

ወደ እትዬ የሄድኩት ማንም መርቶኝ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ምንም ሳልጽፍ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየቴን አይተው ኖሮ መጥተው «ምን ላግዝዎት?» አሉኝ። ነርስ መሆኔን ስነግራቸው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና «እሺ ሲስተር፣ ምን እየፈለጉ ነው?» አሉ።

«ስለ አልጋ ቁስል» አልኳቸው።

«ስለ አልጋ ቁስል ምን?»

«ያለውን ሁሉ።»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «አንድ ሰው ‹አሞኛል› ብሎ ቢመጣ የት እንደሚያመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሳይጠይቁ መድኃኒት ይሰጡታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አልሰጥም» አልኩ። «እንግዲያውስ መጀመሪያ ጥያቄዎን እንመርምረው» ብለው ከደብተሬ መሐል አንድ ባዶ ገጽ ገለጡ። ያ ገጽ ዛሬም አለኝ።

ገጹን በአራት ዓምድ እንድከፍለው አደረጉኝ። በመጀመሪያው የምናገረው ስለየትኛው ታማሚ እንደሆነ፣ በሁለተኛው ለዚያ ታማሚ ምን እንደሚደረግ፣ በሦስተኛው ያ ድርጊት ከምን ጋር እንደሚነጻጸር፣ በአራተኛው ደግሞ ምን ውጤት እንደምጠብቅ ጻፍኩ። ይህ በጥናት ትምህርት «ፒኮ» የሚባለው አከፋፈል ነው፤ መምህራኑም በኋላ በክፍል አስተምረውናል። ነገር ግን እትዬ በራሴ ታማሚዎች ላይ ስላሳዩኝ ቃሉን ከመስማቴ በፊት ነገሩን አውቄው ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ በማታ ተረኛነት በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን ያገላበጥኳቸው፣ ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ያቃታቸው ሰዎች የመጀመሪያው ዓምድ ሆኑ። አብረዋቸው የሚያድሩት አስታማሚዎች ስለ ማገላበጥ የሚሰጣቸው ሥልጠና ሁለተኛው፣ ያለ ሥልጠና የሚደረገው የተለመደው እንክብካቤ ሦስተኛው፣ የቁስሉ መከሰት ወይም አለመከሰት አራተኛው ሆነ። ጥያቄው በኋላ ከአማካሪዬ ጋር ስንወያይ ብዙ ተለውጧል፤ ያም ሆኖ የመመረቂያ ጽሑፌ የተጀመረው በዚያ ገጽ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጥለው የነገሩኝ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። እኔ የምፈልገው በተለመደው «ቤድ ሶር» በሚለው ስም ብቻ ስለነበር የማገኘው ጥቂት ነበር። እትዬ አንድ ሕመም በየዘመኑና በየአገሩ ብዙ ስም እንደሚኖረው፣ ስሞቹን ሁሉ ያልጠራ ሰው ደግሞ ግማሹን ጽሑፍ ሳያይ እንደሚቀር አስረዱኝ። በየዓምዱ ሥር ስሞቹን ደረደርን፤ ዲኩቢተስ አልሰር፣ ፕረሸር ሶር፣ ፕረሸር አልሰር፣ ፕረሸር ኢንጁሪ። የመጨረሻው ስም በዘርፉ የሚታወቀው የአሜሪካ አማካሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ‹አልሰር› የሚለውን ቃል ሲተው የመጣ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ቆዳው ሳይቆስልም ሊኖር ይችላል። ይህን የስም ለውጥ እኔ ነርሷ ሳላውቀው እርሳቸው ማወቃቸው አስደነቀኝ። ተመሳሳይ ስሞችን በ«ኦር» አያይዘን በቅንፍ ካሰርን በኋላ ዓምዶቹን እርስ በርስ በ«ኤንድ» አገናኘናቸው። የመጀመሪያው ፍለጋውን ያሰፋል፣ ሁለተኛው ያጠብባል። ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጥናቶች የኢንተርኔት ማውጫ ላይ ደግሞ መዝጋቢዎቹ ለእያንዳንዱ ርዕስ የሚሰጡት አንድ ቋሚ መጠሪያ እንዳለ፣ «ሜሽ» እንደሚባልና እርሱን መጠቀም በስም ብዛት ከመጥፋት እንደሚያድን አሳዩኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የኮምፒዩተሩን መዳፊት አንድ ጊዜም አልነኩም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው እንደተቀመጡ «እዚያ ይጫኑ፣ አይ ወደ ላይ፣ አዎ፣ እሱን» ይሉኛል፤ ስሳሳት ዝም ብለው ይጠብቃሉ። አዲስ ነርስ መርፌ መውጋት ስናስተምር እጇን ይዘን ካልወጋንላት በቀር ትዕግሥት የሚያጥረን ስንቶቻችን ነን? እኔ እንዲያ ያለች አስተማሪ ነበርኩ፤ ወደ ሥራዬ ስመለስ እንደ እርሳቸው ለመሆን ወስኛለሁ።

ከፐብሜድ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አጭር መግለጫው ብቻ ነው፤ ሙሉውን ጽሑፍ ስንከፍት ብዙዎቹ በዶላር ክፍያ ይጠይቃሉ። በዚህ ተስፋ ቆርጣችሁ በአጭር መግለጫ ብቻ እንዳትጽፉ አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው «ሂናሪ» የሚባል አገልግሎት አለ፤ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ያሉ የትምህርትና የሕክምና ተቋማት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶችንና መጻሕፍትን ያለ ክፍያ እንዲያነቡ ያስችላል። መግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይደለምና ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መጠየቅ ግድ ነው። በክፍላችን ካለነው አንዳንዶቹ ይህን ያወቅነው ከአንድ ወሰነ ትምህርት በኋላ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ጽሑፍ የገዛ ጓደኛም ነበረን፤ ከነርስ ደመወዝ ላይ እንዲህ ያለ ወጪ መውጣቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

«ዞተሮ» የተባለውን ነጻ የማጣቀሻ ማደራጃም በዚያው ሳምንት ጫኑልኝ፤ ይቅርታ፣ እኔው እንድጭነው አደረጉኝ። በእኛ ሙያ የተለመደው የቫንኩቨር አጻጻፍ ማጣቀሻዎችን በጽሑፉ ውስጥ በመጡበት ቅደም ተከተል በቁጥር ስለሚጠራ፣ አንድ አንቀጽ ቆርጣችሁ ወደ ሌላ ቦታ ስትወስዱ ቁጥሩ ሁሉ ይናጋል። በእጅ ስታስተካክል ያደረች ሰው ብቻ ቁጥሮቹ በራሳቸው ሲደረደሩ የማየትን እፎይታ ታውቀዋለች።

እትዬ የማያደርጉትንም ልናገር፤ አዲስ ተማሪ ያለ አግባብ እንዳይጠብቅባቸው። ርዕስ አይመርጡም፣ የናሙና ብዛት አያሰሉም፣ የስታቲስቲክስ ጥያቄ ሲመጣ «ይህን ለአማካሪዎ» ብለው ይመልሳሉ። ነገር ግን ለዓመታት የተማሪ መመረቂያ ጽሑፎች በእጃቸው ሲያልፉ ስለቆዩ ሰው የት እንደሚደናቀፍ ያውቃሉ። አንድ ቀን ከእኔ በፊት የተመረቁ ተማሪዎችን ሦስት ጽሑፎች አውጥተው ከመግቢያው ሳይሆን «የጥናቱ ውስንነት» ከሚለው ክፍል እንድጀምር መከሩኝ። ሦስቱን አከታትዬ ሳነብ የሦስቱም ጸጸት ተመሳሳይ ሆኖ አገኘሁት፤ መረጃ ለመሰብሰብ የቀራቸው ጊዜ አጭር ነበር። የጊዜው ማጠር ምክንያት ደግሞ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ ሳይገኝ አንድም ታማሚ መጠየቅ ስለማይቻልና ፈቃዱ ሲመጣ ደግሞ ለየሆስፒታሉ የትብብር ደብዳቤ ስለሚያስፈልግ መሆኑን እትዬ አስረዱኝ። በዚህ ምክር ፕሮፖዛሌን ከዕቅዴ ቀደም ብዬ አስገባሁ። የአልጋ ቁስል ሥጋት የሚለካበት የብሬደን መለኪያ ስድስት ነጥቦችን እያየ ከ6 እስከ 23 ውጤት ይሰጣል፤ ውጤቱ ባነሰ ቁጥር ሥጋቱ ይጨምራል። እኔ ለብዙ ቀናት በየአልጋው እየዞርኩ ይህን ሳልቸኩል መመዝገብ የቻልኩት በዚያ በተረፈኝ ጊዜ ነው።

ከሥራ ተመልሰን የምንማር ነርሶች አንድ ልዩ ችግር አለብን፤ መጠየቅ እናፍራለን። በየክፍላችን ሌሎች እኛን ሲጠይቁ ኖረናልና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ካሉ ተማሪዎች አጠገብ ተቀምጠን «ፋይሉን የት አስቀመጠው?» ማለት ይከብደናል። እትዬ ይህን ኀፍረት ያውቁታል። አንድም ቀን በሌላ ተማሪ ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስሕተቴን አልነገሩኝም። ለሦስተኛ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዤ ስሄድ «እርስዎ» ማለቱን ትተው «ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ያስጨነቀሽ ምንድን ነው?» አሉኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጠየቅ አልተሸማቀቅሁም።

የመመረቂያ ጽሑፌን ዲፌንስ ባለፍኩ በማግስቱ እናቴ ከጓሯችን ለቅማ ያደረቀችውን የዘጌ ቡና ይዤላቸው ሄድኩ። በጀልባ ይዤው ስመጣ እንዳይረጥብ በሁለት ፌስታል ጠቅልዬው ነበር። አመስግነው ካሸተቱት በኋላ መለሱልኝ። «ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው፤ ውለታ መክፈል ከፈለግሽ ለሚመጡት ንገሪልኝ፤ ብዙዎቹ እኔ እዚህ መኖሬን ሳያውቁ ነው የሚመረቁት» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ያን ቃል ለመፈጸም የተጻፈ ነው።

ስለዚህ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ስትሄዱ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ጠዋት መጻሕፍት የሚዋሱና የሚመልሱ ተማሪዎች ስለሚበዙ ጊዜ አያገኙላችሁም። የተማሪ መታወቂያችሁን፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ላፕቶፕ ካላችሁም እርሱን ያዙ። የምትፈልጉትን ነገር በአንድ ሙሉ ጥያቄ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ጥያቄው ቢበላሽም ግድ የለም፣ አብረዋችሁ ያስተካክሉታል። ወደ ውስጥ ስትገቡ በቀኝ በኩል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካሉት ኮምፒዩተሮች ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ የእርሳቸው ነው። ነርስ መሆናችሁን ንገሯቸው፤ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።