ለመጀመሪያ ፈረስ፦ ሽማግሌው ወይስ ከእሽቅድምድም የወጣው ጎረምሳ?

ኢቨንቲንግ የሚባለውን የፈረስ ስፖርት ልጀምር ብሎ ፈረስ የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ማየቱ አይቀርም። አንዱ «ዕድሜው 16፣ ብዙ ውድድር ያየ፣ ጀማሪ ይጋልበዋል» ይላል። ሌላው «ዕድሜው 5፣ ከእሽቅድምድም የወጣ ቶሮብሬድ፣ ጤነኛ፣ ፈጣን፣ መልከ መልካም»። ቶሮብሬድ ለሩጫ የሚራባ ዝርያ ነው። የሁለተኛው ዋጋ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። ፎቶውም ያምራል። ልብ ወደዚያ ይሄዳል፤ የእኔም ሄዶ ነበር።

እኔ ሽማግሌውን ግዙ ባይ ነኝ። ጎረምሳው የሚያዋጣበት ጊዜም አለ፣ እሱንም አልደብቅም።

ስፖርቱ በአንድ ፈረስ ሦስት ፈተና ነው። ድሬሳዥ ላይ በተከለለ ጠፍጣፋ ሜዳ ውስጥ ረጋ ብሎ ትእዛዝ መቀበል አለ። ክሮስ ካንትሪ ላይ ሜዳ ለሜዳ እየጋለቡ ግንድ፣ ቦይና ውሃ መሻገር። ሦስተኛው ቶሎ የሚወድቁ አግዳሚዎችን ሳይነኩ መዝለል ነው። ነገሩ የመጣው ከፈረሰኛ ጦር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ስቶክሆልም ላይ ኦሎምፒክ ሲገባ የተወዳደሩት የጦር መኮንኖች ነበሩ። እነሱ የሚፈልጉት ፈረስ በሰልፍ ላይ ዝም ብሎ የሚቆም፣ ሜዳ ሲወጣ የማይፈራ፣ በማግስቱም ለሥራ የሚነሳ ነው። እናንተም የምትፈልጉት እሱኑ ነው።

ቁጥሩን እዩት። ብሪታንያ ውስጥ ጀማሪዎች በሚገቡበት ደረጃ የክሮስ ካንትሪ መሰናክል ቁመት 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ቢጊነር ኖቪስ የሚባለውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ይህን ጤነኛ ፈረስ ሁሉ ይዘለዋል። ስለዚህ «ዝላዩ ጉድ ነው» ለሚል ሻጭ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ። ዝላይ ላይ አንድ አግዳሚ ብትጥሉ ቅጣቱ 4 ነጥብ ነው። ክሮስ ካንትሪ ላይ ግን ፈረሱ መሰናክል ፊት ቆሞ እምቢ ካለ 20፣ እዚያው ላይ ከደገመ 40፣ ከሠለሰ በቃ ወደ ቤት። የምትገዙት እምቢ የማይል ልብ ነው።

ዕድሜው ከሚያስፈራችሁ ካሪዝማ የሚባለውን ፈረስ አስታውሱ። የኒውዚላንዱ ጋላቢ ማርክ ቶድ በእሱ ላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ወሰደ፣ በ1988 ሴኡል ላይ ደገመው። ሴኡል ላይ ፈረሱ 16 ዓመቱ ነበር። ቁመቱም ያን ያህል አልነበረም።

ሽማግሌው በተግባር የሚሰጣችሁ ይህን ነው። ግንድ ፊት ደርሳችሁ ርቀቱ ይጠፋባችኋል፣ ዛቡ ይረዝምባችኋል፣ ሳይነሳ ቀድማችሁ ወደ አንገቱ ትደፋላችሁ። እሱ ጆሮውን ወደ ፊት ያቆማል፣ አንድ አጭር እርምጃ ጣል ያደርግና ያሻግራችኋል። ስህተታችሁን እሱ ከፈለው ማለት ነው፣ ያውም ሳይነግራችሁ። ጉዳቱ ደግሞ ሌላ ነው። የኋላ እግሩ መገጣጠሚያ ጠዋት ጠዋት ይይዘዋል፣ እስኪሟሟቅ በእርምጃ ብዙ ማስኬድ አለባችሁ፣ ጠንካራ መሬት ላይ መዝለል የለም። የሐኪሙና የሰኮና ሠሪው ወጪ ቋሚ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልሸጠው ብትሉ የገዛችሁበትን አታገኙም። ይህን ገና ስትገዙ ለራሳችሁ ንገሩት።

ወደ ጎረምሳው እንምጣ። ቶሮብሬድ ለዚህ ስፖርት አይሆንም የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ትንፋሽ አለው፣ ድፍረት አለው፣ ግልቢያው እንደ ውሃ ነው። ችግሩ የተማረው ትምህርት ነው። ብዙዎቹ በ2 ዓመታቸው መሮጥ ጀምረዋል። እሽቅድምድም ላይ ዛቡ ሲወጠር እሱ ተደግፎበት ይሮጣል። ጀማሪ ደግሞ ሲደነግጥ ምን ያደርጋል? ዛቡን ይይዛል። እናንተ ቁም ያላችሁት መስሏችኋል፣ እሱ ና እንሂድ ያላችሁት መስሎታል። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን የምትወድቁት እናንተ ናችሁ። በዚያ ላይ ጆኪው (የእሽቅድምድም ጋላቢው) በአጭር እርካብ ከላይ ተቆናጥጦ ስለሚጋልብ፣ ጎኑን አቅፎ የሚይዝ ረጅም እግር ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ነው። የጨጓራ ቁስለት በእሽቅድምድም ፈረሶች ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ የሰኮናቸውም ታች ስስ ነው። ርካሹ ዋጋ ለወራት እረፍት፣ ለሕክምናና ለአሠልጣኝ ሲወጣ ርካሽነቱን ትረሱታላችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ራሱ የሚጋልብላችሁ ጎበዝ አሠልጣኝ ካለና እናንተ ለአንድ ዓመት ውድድር ካላማራችሁ ግን ግዙት፣ ቅር አይበላችሁ።

የትኛውንም ስታዩ ከቀጠሯችሁ በፊት ድረሱ። እኔ አንድ ጎረምሳ ላይ አንድ ሰዓት ቀድሜ ሄጄ እጄን ጀርባው ላይ ሳደርግ ኮርቻው የሚያርፍበት ቦታ ብቻ እርጥብ ነው፣ ሌላው ገላው ደረቅ። ሻጩ «አጥበነው ነው» አለኝ። ኮርቻ ያህል ቦታ ብቻ ለይቶ የሚታጠብ ፈረስ! ለካ ከእኔ በፊት ጋልበው አድክመውታል፤ ያን ቀን እንደ በግ ገራም ነበር። በማግስቱ ማንም ሳይጋልበው እንድሞክረው ለመንኩ፣ እርካቡ ላይ እግሬን ሳደርግ አጠገቤ አልነበረም።

መጀመሪያ ሻጩ ይጋልበው፣ እናንተ ቀጥሉ። ከሌሎቹ ፈረሶች ነጥላችሁ ብቻውን ውሃ ውስጥ አስገቡት፤ ክሮስ ካንትሪ ላይ ጓደኛ ተከትሎ መግባት የለም። ሐኪሙ የሻጩ ሳይሆን የእናንተ ይሁን፤ እግሩን አጥፎ ይዞ ሲለቀው በሶምሶማ ያስሩጠው፣ ደምም ይውሰድ፣ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት እንደሆነ በኋላ ይመረመራል።

ሁለቱም ካልሆነላችሁ ሽማግሌውን ከባለቤቱ ጋር ተካፍሎ መከራየት አለ። ለስድስት ወር ሞክራችሁ ስፖርቱ ካልገባችሁ ፈረሱን መመለስ ነው፣ የሚሸጥ ነገር የለም። በተረፈው ገንዘብ ደህና የራስ ቁርና የደረት መከላከያ ግዙ። በአየር የሚነፋው ጃኬት በመከላከያው ላይ የሚደረብ እንጂ ምትኩ አይደለም፤ መሬት የመታ የራስ ቁር ደግሞ ስንጥቅ ባይታይበትም ይለወጣል።

እኔ በመጨረሻ የ15 ዓመት መጋላ ገዛሁ። የመጀመሪያ ውድድራችን ላይ ድሬሳዡን አበላሸሁት፣ ክሮስ ካንትሪ ላይ አራተኛው መሰናክል የት እንደሆነ ጠፋብኝ። እሱ አይቶት ነበር።