ባለ 12 አኃዝ ካልኩሌተር በ142857 ሲፈተን

አዲስ ካልኩሌተር እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምጽፍበት ቁጥር 142857 ነው። ይህን ባለ 12 አኃዝ የጠረጴዛ ካልኩሌተር ከያዝኩ ሦስት ወር ሆኖኛል፤ የመጀመሪያውን ምሽት ያሳለፍነውም በዚሁ ቁጥር ነው።

142857 ብዬ የማባዣውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጫንኩ። ማሽኑ ቁጥሩን በቋሚነት ያዘው። ከዚያ በኋላ 2ን ከእኩል ምልክቱ ጋር፣ ቀጥሎ 3ን፣ ቀጥሎ 4ን መንካት ብቻ ነው፦ 285714፣ 428571፣ 571428፣ 714285፣ 857142። እነዚያው ስድስት አኃዞች ቅደም ተከተላቸውን ሳይስቱ ይዞራሉ። በ7 ሲባዛ 999999 ይመጣል። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ዘጠኞቹ ተሰልፈው ሲወጡ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ምስጢሩ ያለው 1ን ለ7 ማካፈል ላይ ነው፤ መልሱ 0.142857142857… እያለ ያለማቋረጥ ይደጋገማል። በወረቀት ስናካፍል ቀሪዎቹ በተራ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5 እና 1 ናቸው። ከ7 የሚያንስ ቀሪ ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ 1 ሲደርስ ነገሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። 2ን ለ7 የሚያካፍል ሰውም እዚያው ክብ ውስጥ በሌላ በር ገባ እንጂ የተለየ መንገድ አልሄደም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ስክሪኑ ላይ ሺዎችን የምትለየውን ትንሽ ጭረት ነው። 142 ከ857 ተለይቶ ይታያል፤ ሲደመሩ 999። 285 እና 714ም እንዲሁ። ያለ ጭረቷ ዓይን ይህን በቀላሉ አያገኘውም። የስክሪኑ ስፋትም ጠቅሞኛል፤ 142857 በራሱ ሲባዛ 20408122449 ስለሚሆን ባለ 8 አኃዝ ካልኩሌተር አይችለውም። 20408 እና 122449 ሲደመሩ ደግሞ ያው 142857 ተመልሶ ይመጣል።

ቅር ያሰኘኝ የነጥብ ቤት መምረጫዋ ተንሸራታች ቁልፍ ናት። ላልታለች። ቦርሳ ውስጥ ሆና ወደ 2 ከተንሸራተተች 1 ለ7 ሲካፈል 0.14 ብቻ ይታያል፤ ያ ሁሉ ዙር ይጠፋል። አምራቹ ጠበቅ ሊያደርጋት ይገባ ነበር።

ቁልፏ በቦታዋ ስትሆን መልሱ 0.14285714285 ነው፤ መልሼ በ7 ሳባዛው 0.99999999995 ይለኛል። ተጨማሪ አኃዞችን ከስክሪኑ ጀርባ ይዘው 1 ብለው የሚመልሱ ካልኩሌተሮች አሉ። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ፤ የቆረጠውን አይሸሽግም፣ የት እንደቆመ አይቼ የቀረውን ራሴ እቀጥላለሁ።

በ17 የሆነውም ይኸው ነው። 1 ለ17 ሲካፈል ዙሩ 16 አኃዝ ስላለው ስክሪኑ አይበቃውም፤ 0.05882352941 ላይ ይቆማል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ሚዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1836 እንዳሳየው ግን፣ አካፋዩ እንደ 7ና 17 ያለ ብቸኛ ቁጥር ሆኖ የዙሩ አኃዞች ብዛት ተጋማሽ ከሆነ፣ የዙሩ ሁለት ግማሾች ሲደመሩ ዘጠኝ በዘጠኝ ይሆናሉ። የመጀመሪያዎቹን ስምንት አኃዞች 05882352ን ከ99999999 ቀነስኩ። 94117647 ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች፣ 941፣ ስክሪኑ ጫፍ ላይ ቀድመው ተጽፈው ነበር።